ምራቅ የማይደርስበት ጥርስ

የጥርስ ሙሌት ምን ያህል ዓመት ይቆያል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ሙሌቱ ዓይነት ነው፤ ጥቁሩ ይሻላል ወይስ ነጩ፣ ውዱ ይሻላል ወይስ ርካሹ እያለ ያመዛዝናል። ነገር ግን ሙሌቱ የተሠራበት ቁስ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ከጥርሱ ጋር በሚገናኝባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ምራቅ ወይም ደም ከነካው ዕድሜው የሚያጥረው ገና ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ነው። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የሚታከመውን ጥርስ ከቀረው አፍ የመነጠልና እርጥበቱን የመቆጣጠር ሥራ ነው፤ ይህም ታካሚው ብዙውን ጊዜ ልብ የማይለው፣ ሒሳብ ሲከፈልም ለብቻው የማይጠቀስ፣ ሆኖም የሙሌቱን ዕጣ ከሌሎቹ የሕክምናው ደረጃዎች ባልተናነሰ የሚወስን ሥራ ነው።

ጤናማ አዋቂ ሰው በቀን በግምት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ምራቅ ያመነጫል። አብዛኛው የሚፈልቀው ከሦስት ጥንድ ትልልቅ ዕጢዎች ሲሆን፣ ከጆሮ ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ምራቃቸውን የሚያፈሱት በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከላይኛው ሁለተኛ ትልቅ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ በምትገኝ ትንሽ ቀዳዳ በኩል ነው፤ የቀሩት ሁለት ጥንዶች ደግሞ ከምላስ በታች ባለው የአፍ ወለል ላይ ይከፈታሉ። ምራቅ በስበት ወደ ታች ስለሚጠራቀምና ምላስም ከጎን ስለሚገፋ፣ ደረቅ አድርጎ ለማቆየት ከሁሉም የሚያስቸግሩት የታችኛው መንጋጋ የኋላ ጥርሶች ናቸው። አፍ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ሲቆይ፣ መሣሪያ ሲገባና የመድኃኒት ጣዕም ሲሰማ ዕጢዎቹ ምግብ እንደመጣ ስለሚቆጥሩት የምራቁ ፍሰት ከዕረፍት ጊዜው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዚህ ላይ የመሰርሰሪያው ማቀዝቀዣ ውሃ፣ በድድና በጥርስ መካከል የሚወጣው ቀጭን ፈሳሽ፣ የቆሰለ ድድ ደምና ከሳንባ የሚወጣው ሞቃትና እርጥብ ትንፋሽ ይታከላሉ።

ምራቅ በመሠረቱ የጥርስ ጠባቂ ነው። ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚያመርቱትን አሲድ ያረክሳል፣ በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ፎስፌት የተጎዳውን የጥርስ ገጽ መልሰው ይጠግናሉ፣ ፕሮቲኖቹም በጥርሱ ላይ በሰከንዶች ውስጥ ስስ ሽፋን ዘርግተው ከመፋፋቅና ከአሲድ ይከላከሉታል። በራስና በአንገት አካባቢ የጨረር ሕክምና ወስደው ምራቃቸው የደረቀባቸው ታካሚዎች ጥርሶቻቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚቦረቦሩት ይህን ጥበቃ ስላጡ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መከላከያ ሽፋን የሚዘረጋው ሳይመርጥ ስለሆነ፣ ለመሞላት በተዘጋጀ ጥርስ ላይም በዚያው ፍጥነት ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሙሌትም የሚያርፈው በጥርሱ ላይ መሆኑ ቀርቶ በምራቁ ፕሮቲን ላይ ይሆናል።

አሲድ፣ ማጣበቂያና ጥቂት ሰከንዶች

ኮምፖዚት የሚባለው ነጩ ሙሌት በጥቃቅን የመስታወት ቅንጣቶች የተጠናከረ ሬዚን፣ ማለትም ለስላሳ ሆኖ ገብቶ በኋላ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ሙጫ ሲሆን፣ በራሱ ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። እንዲጣበቅ ያስቻለው ዘዴ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ማይክል ቡኦኖኮር፣ በኢንዱስትሪ ውስጥ ብረት ቀለም ይዞ እንዲቆይ አስቀድሞ በፎስፎሪክ አሲድ የመታጠቡን ልማድ ተመልክቶ ያንኑ በጥርስ ላይ ሞከረው፤ ኢናሜል የሚባለውን የጥርሱን ውጫዊ ጠንካራ ልባስ 85 በመቶ በሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ለ30 ሰከንድ ካቆየው በኋላ የአክሪሊክ ሙሌት ከቀድሞው እጅግ ለረዘመ ጊዜ ተጣብቆ እንደሚቆይ አሳየ። ዛሬ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አሲድ የቀለለ ነው፤ በአብዛኛው 37 በመቶ የሆነና እንዳይፈስ በጄል መልክ የተዘጋጀ ሲሆን በኢናሜል ላይ የሚቆየው ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ነው።

ከኢናሜል ክብደት 96 በመቶ ገደማ የሚሆነው ማዕድን ነው። አሲዱ ይህን ማዕድን በአንዱ ቦታ ይበልጥ፣ በሌላው ያነሰ እያደረገ ስለሚያሟሟው፣ ጥርሱ ታጥቦ ሲደርቅ ገጹ ማንጸባረቁን ትቶ የደበዘዘ ነጭ ይሆናል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይም እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ ሆኖ ይገኛል። ፈሳሹ ማጣበቂያ ወደነዚህ ጉድጓዶች ዘልቆ በሰማያዊ ብርሃን ሲጠነክር ከጥርሱ ጋር ተጠላልፎ ይያዛል። ሐኪሙ አሲዱን አጥቦ አየር ሲነፋበት የሚፈልገው ምልክት ያ ድብዝዝ ነጭነት ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማጣበቂያው ተቀብቶ እስኪጠነክር ድረስ ያለው ጊዜ የሥራው ሁሉ ስስ ክፍል ነው፤ የታካሚው ምላስ ጠርዙን አንዴ ቢነካው የምራቅ ፕሮቲን ጉድጓዶቹን ይደፍናል፣ ማጣበቂያውም የሚገባበት ያጣል።

ጥርሱን እንደገና በውሃ ማጠብ ብቻውን ይህን ሽፋን ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም። ስለዚህ ማጣበቂያው ከመቀባቱ በፊት ምራቅ የነካው ኢናሜል ለአጭር ጊዜ፣ በአብዛኛው ለ10 ሰከንድ ያህል፣ ዳግመኛ አሲድ ይቀባና ታጥቦ ይደርቃል። ይህ ቀላል መፍትሔ ነው፤ የሚሠራው ግን ሐኪሙ ጥርሱ መነካቱን ካወቀ ብቻ ነው። ምራቅ ቀለም የለውም፣ ስስ ሽፋኑም በዓይን አይታይም፤ ሙሌቱም ቢሆን በዚያው ቀን ያማረና የጠነከረ ሆኖ ይታያል። ጉድለቱ የሚገለጠው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በሙሌቱ ዙሪያ ቡናማ መስመር ሲታይ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲያሳምም ወይም ሙሌቱ በምግብ መካከል ተላቅቆ ሲወጣ ስለሆነ፣ ያኔ ምክንያቱ በማኘክ ወይም በሙሌቱ ጥራት ይሳበባል።

ከኢናሜል ሥር ባለው ዴንቲን ላይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። ዴንቲን በክብደቱ 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን ሲሆን የቀረው ኮላጅን የሚባሉ የፕሮቲን ክሮችና ውሃ ነው፤ ከጥርሱ ነርቭ ወደ ውጭ የሚዘረጉ፣ ፈሳሽ የያዙ እልፍ ጥቃቅን ቦዮችም ያልፉበታል። አሲድ ማዕድኑን ሲያነሣ የኮላጅን ክሮቹ እርቃናቸውን ይቀራሉ፣ በመካከላቸው የነበረውንም ቦታ ውሃ ይይዘዋል። በአየር ከመጠን በላይ ከደረቁ ክሮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይተኛሉ፣ ማጣበቂያውም በመካከላቸው ማለፍ አይችልም፤ ከመጠን በላይ ከራሱ ደግሞ ውሃው ማጣበቂያውን ያቀጥነዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓናዊው ኖቡኦ ናካባያሺና ባልደረቦቹ ሬዚንና ኮላጅን ተዋሕደው የሚፈጥሩትን ድቅል ንጣፍ ከገለጹ ወዲህ፣ ጥሩ ሙሌት የሚፈልገው ኢናሜሉ ደርቆ ዴንቲኑ ግን በስሱ እንደረጠበ እንዲቆይ መሆኑ እየተረጋገጠ መጣ።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እርጥበትን መቆጣጠር ሲባል ጥርሱን በተቻለ መጠን ማድረቅ ማለት የሚመስላቸው ጀማሪዎች አየሩን ያለ ልክ ይነፋሉ፣ ታካሚውም ከሕክምናው በኋላ ለሳምንታት ሲነክስ ጥርሱን ያመዋል። ዴንቲኑ ላይ የሚቀረው እርጥበት ንጹሕ ውሃ መሆን አለበት፤ መጠኑንም መወሰን ያለበት ሐኪሙ ነው። ምራቅ ሰተት ብሎ በሚገባበት አፍ ውስጥ ይህን ልክ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ጥርሱን ከቀረው አፍ መነጠል በዴንቲን ላይ ለተመጠነ እርጥበትም ቅድመ ሁኔታ ነው።

ጥቁሩ ሙሌት አማልጋም፣ ማለትም የብር፣ የቆርቆሮና የመዳብ ዱቄት ከሜርኩሪ ጋር ተዋሕዶ የሚሠራው፣ እርጥበትን ይችላል የሚለው እምነት በከፊል እውነት ነው። አማልጋም በማጣበቂያ ሳይሆን በተቀረጸለት ጉድጓድ ቅርጽ ስለሚያዝ የምራቅ ጠብታ ወዲያው አያስለቅቀውም። ዚንክ የያዘ አማልጋም ሲታሸግ ውሃ ከነካው ግን ዚንኩ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን ጋዝ ይፈጥራል፤ ጋዙም በሙሌቱ ውስጥ ታፍኖ ከሦስት እስከ አምስት ቀን በኋላ ሙሌቱን መለጠጥ ይጀምራል፣ መለጠጡም ለወራት ሊቀጥል ስለሚችል ሙሌቱ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ሊወጣና ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ያም ሆነ ይህ የአማልጋም ዘመን እየተገባደደ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው ስለ ሜርኩሪ የሚናገረው የሚናማታ ስምምነት አገሮች አጠቃቀሙን እንዲቀንሱ አስገድዷል፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከጥቂት የሕክምና ምክንያቶች በቀር ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሎታል። እርጥበትን በተሻለ የሚችለው ቁስ ወጥቶ እርጥበትን እጅግ የሚፈራው ሲተካ፣ ጥርስን የመነጠል ችሎታ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆነ ማለት ነው፤ ለውጡ ሲታቀድ ግን ትኩረቱ ሁሉ በቁሱ ዋጋ ላይ ሲያርፍ ይታያል።

የጎማው ሉህ

ጥርስን ከምራቅ የመነጠል ፍላጎት ከነጩ ሙሌት ቢያንስ 90 ዓመት ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ምርጡ ሙሌት ወርቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1855 አሜሪካዊው ሮበርት አርተር እርስ በርሱ የሚጣበቅ የወርቅ ቅጠልን ካስተዋወቀ በኋላ ሐኪሞች ቅጠሉን እየደራረቡና እየመቱ በእሳት ሳይቀልጥ አንድ አካል እንዲሆን ማድረግ ቻሉ። ይህ የሚሆነው ግን የእያንዳንዱ ቅጠል ገጽ ፍጹም ንጹሕና ደረቅ ሲሆን ብቻ ነበር። አንዱን ሙሌት ለመጨረስ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ሐኪሙ በአንድ እጁ ጨርቅና ፎጣ ይዞ ከምራቅ ጋር እየታገለ በሌላው ወርቁን ይመታ ነበር፤ አንድ ጠብታ ከገባች የሰዓታት ድካም ከንቱ ይሆናል።

ከዚህ ጭንቀት ያወጣቸው በኒውዮርክ ግዛት ይሠራ የነበረው ሳንፎርድ ክሪስቲ ባርነም ነው። መጋቢት 15 ቀን 1864 በታችኛው መንጋጋ ላይ ያለ ጥርስ በምራቅ አልደርቅ ሲለው፣ በስስ የጎማ ሉህ ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ሉሁን በጥርሱ ላይ አለበሰው፤ ጥርሱ በቀዳዳው በኩል ብቅ አለ፣ ምላስ፣ ጉንጭና ምራቅ ግን ከሉሁ ሥር ቀሩ። ባርነም ግኝቱን የግል ሀብቱ አላደረገውም፤ ለሙያ ባልደረቦቹ ያለ ክፍያ አስተማረው። ራበር ዳም የሚባለው ይህ ሉህ ከ160 ዓመታት በኋላም በመሠረቱ ያው ነው። በ1882 ዴሎስ ፓልመር ለተለያዩ ጥርሶች የሚስማሙ የብረት መያዣዎችን ስብስብ አቀረበ፣ በዚያው ዓመትም የሉሁ መብሻ መሣሪያ ለገበያ ዋለ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ለውጦች በአብዛኛው የጥሬ ዕቃና የቅርጽ ናቸው።

አሠራሩን በቅርብ መመልከት ይጠቅማል። ሐኪሙ በቅድሚያ ጥርሱንና ድዱን ያደነዝዛል፣ ከዚያም በጥርሶቹ መካከል የጥርስ ክር አሳልፎ የጎማው ሉህ የሚያልፍበት ክፍተት እንዳለና ሉሁን የሚቀድ ሹል ጠርዝ እንደሌለ ያረጋግጣል። ሉሁ አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ መጠን የሚስማማ ቀዳዳ በመብሻው ይበሳል፤ ቀዳዳው ከተገቢው በላይ ከሰፋ ምራቅ ያሰርጋል፣ ከጠበበ ደግሞ ሉሁ ይቀደዳል። ክላምፕ የሚባለው የብረት መያዣ ጥርሱን በአንገቱ ላይ በአራት ነጥብ መጨበጥ አለበት፤ በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ብቻ የተቀመጠ ክላምፕ ይወዛወዛል፣ ድዱንም ያቆስላል። ክላምፑ አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ረጅም ክር ይታሰርበታል፤ ቢሰበር ወይም ከጥርሱ ቢያመልጥ ታካሚው እንዳይውጠው ወይም ወደ አየር ቧንቧው እንዳይገባ ክሩ ከአፍ ውጭ ይቀራል። ለሙሌት ብዙውን ጊዜ የሚለየው ጥርሱ ብቻ አይደለም፤ ክላምፑ ከኋላ ባለው ጥርስ ላይ ተቀምጦ ሉሁ እስከ ውሻ ክራንቻው ድረስ ያሉትን ጥርሶች ያሳልፋል፣ ይህም ለእጅና ለእይታ ቦታ ይሰጣል።

ሉሁ በፍሬም ተወጥሮ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ብዙዎች የሚያልፉት ደረጃ ይቀራል። ሐኪሙ በአየር እያደረቀ በደነዘ መሣሪያ የቀዳዳውን ከንፈር በጥርሱ አንገት ዙሪያ ወደ ውስጥ፣ ወደ ድዱ አቅጣጫ ያጥፈዋል። ይህ እጥፋት ካልተሠራ ምራቅ በሉሁና በጥርሱ መካከል እየተሳበ ይወጣል፤ ሐኪሙም ሉሁን አልብሷልና ደረቅ መስሎት በረጠበ ጥርስ ላይ ይሠራል። ከዚህ ይልቅ ያለ ሉሁ በጥንቃቄ የተያዘ ጥጥ ይሻላል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሉሁ የላይኛው ጠርዝ የታካሚውን አፍንጫ እንዳይሸፍን ዝቅ ይደረጋል፣ ታካሚው መናገር ስለማይችልም እጁን በማንሣት ምልክት እንዲሰጥ አስቀድሞ ይነገረዋል። ላቴክስ፣ ማለትም የተፈጥሮ ጎማ፣ አለርጂ ላለበት ሰው ሕይወትን አደጋ ላይ ሊጥል ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ታካሚ አስቀድሞ ጠይቆ መለየትና ከላቴክስ ነጻ የሆነ ሉህ መጠቀም ግዴታ ነው። አፍንጫው የታፈነበት ሰው ወይም መሸፈን የሚያስጨንቀው ታካሚ ደግሞ ሉሁን ሊቋቋመው አይችል ይሆናል።

የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ማለትም የሞተውን ወይም የተመረዘውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ ቦዩን የማጽዳት ሥራ፣ ሲሠራ ጉዳዩ ለክርክር አይቀርብም። በዚህ ሕክምና ሐኪሙ ቀጫጭን የብረት ሞረዶችንና ባክቴሪያ የሚገድል የበረኪና ዓይነት ፈሳሽ ስለሚጠቀም፣ ሞረዱ ቢያመልጥ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ ፈሳሹ ቢፈስ አፍንና ጉሮሮን ሊያቃጥል ይችላል፤ ምራቅም ወደ ጸዳው ቦይ አዲስ ባክቴሪያ ያስገባል። የአውሮፓ የጥርስ ሥር ሕክምና ማኅበርና የአሜሪካው አቻው ሁለቱም ራበር ዳምን የማይታለፍ መስፈርት አድርገውታል። ያለ ሉሁ የጥርስ ሥር ሕክምና የሚደረግለት ታካሚ ለምን እንዳልተደረገለት የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።

ለሙሌት ግን በብዙ አገሮች የተደረጉ መጠይቆች የሚያሳዩት፣ ሉሁን በትምህርት ቤት የተማሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ በክሊኒካቸው በመደበኛነት እንደማይጠቀሙበት ነው። የሚሰጡት ምክንያት ጊዜ ይወስዳል፣ ታካሚ አይወደውም፣ ወጪ አለው የሚል ነው። የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግመው የኮክሬን ተቋምም ሉሁ የሙሌትን ውድቀት ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች ቢኖሩም የማስረጃው አስተማማኝነት ዝቅተኛ መሆኑን አስታውቋል። ይህ በቅንነት መነገር አለበት፤ ሆኖም ማስረጃው ደካማ ነው ማለት እርጥበት አይጎዳም ማለት እንዳልሆነም አብሮ መነገር አለበት። ምራቅ ማጣበቂያን እንደሚያዳክም በቤተ ሙከራ ደጋግሞ ታይቷል፤ ክርክሩ ያለው አንድ ጠንቃቃ ሐኪም ያለ ሉሁ በጥጥና በመምጠጫ ያንኑ ድርቀት ማግኘት ይችላል ወይ በሚለው ላይ ነው። ጊዜ ይወስዳል የሚለው ምክንያት ግን አያጠግብም፤ ልምድ ያለው እጅ ሉሁን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያለብሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ታካሚው ለመትፋት መነሣት፣ ጥጥም በየጊዜው መለወጥ ስለማያስፈልግ የጠፋው ደቂቃ በሥራው ላይ ይመለሳል።

ጥጥ፣ መምጠጫና የድዱ ጠርዝ

ሉሁ በሌለበት ወይም በማይቻልበት ቦታ ሥራው በጥጥ ጥቅልና በሰክሽን፣ ማለትም ምራቅን በሚስብ መምጠጫ ይከናወናል። ለላይኛው መንጋጋ አንድ ጥቅል በጉንጭና በድድ መካከል፣ የዕጢው ቀዳዳ በሚከፈትበት ቦታ ላይ ይደረጋል፤ በዚያው ቀዳዳ ላይ የሚለጠፍ ሦስት ማዕዘን መጣጭ ወረቀትም አለ። ለታችኛው መንጋጋ ደግሞ አንድ በጉንጭ በኩል፣ አንድ በምላስ በኩል ይቀመጣል። ጥጡ መለወጥ ያለበት አሲዱ ከመቀባቱ በፊትና ከታጠበ በኋላ ነው፤ በራሰ ጥጥ ላይ ተማምኖ ማጣበቂያ መቀባት የተለመደ ጥፋት ነው። ሲወጣም የደረቀ ጥጥ ከጉንጭ ቆዳ ጋር ስለሚጣበቅ በውሃ ሳይረጥብ ከተጎተተ ቆዳውን ልጦ ያነሣዋል፤ ከሕክምና በኋላ ለቀናት የሚቆይ የአፍ ቁስል ከዚህ የሚመጣበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ሁለት እጅ ብቻ ላለው ሐኪም ከባድ ስለሆነ፣ መምጠጫውን ይዞ ጉንጭንና ምላስን የሚገታ የሠለጠነ ረዳት ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

ከምራቅ ይልቅ አስቸጋሪው አንዳንዴ ድዱ ነው። በሁለት ጥርሶች መካከል የጀመረ መቦርቦር ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ከድድ ጠርዝ አጠገብ ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ሙሌቱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፈሰው በዚያው ነው። የታመመ ድድ በትንሽ ንክኪ ስለሚደማ፣ ሐኪሙ ጊዜ ካለው ጥርሱን አስቀድሞ አጽድቶ ድዱ እስኪድን ሙሌቱን ለሌላ ቀን ማስተላለፉ የተሻለ ነው፤ ታካሚዎች ይህን እንደ ማጉላላት ሲቆጥሩት ይታያል፣ ጥቅሙ ግን የራሳቸው ነው። ቀጠሮ ማራዘም ካልተቻለ በአሉሚኒየም ክሎራይድ የተነከረ ክር በድዱ ጠርዝ ተሸጉጦ ደሙን ያቆማል፣ በጥርሶቹ መካከል የሚገባው ትንሽ ሽብልቅም ድዱን ጫን አድርጎ ይይዘዋል። ደም ማቆሚያው ራሱ ታጥቦ ካልወጣ ግን ማጣበቂያውን ይጎዳል። አንድ ሌላ ምንጭም አለ፤ ከአየር መጭመቂያው የሚመጣው አየር ውሃ ወይም ዘይት ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ጠንቃቃ ሐኪም ጥርሱ ላይ ከመንፋቱ በፊት በመስታወቱ ላይ ነፍቶ ጠብታ ወይም ጭጋግ መኖሩን ይመለከታል።

ማድረቅ የማይቻልበት ጥርስ አለ፣ ይህንንም መቀበል የሙያው አካል ነው። ስድስት ዓመት ገደማ ላይ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ጥርስ ለወራት ግማሹ በድድ ተሸፍኖ ይቆያል፣ ገጹ በጥልቅ ስንጥቆች የተሞላ ስለሆነም በቶሎ ይበሰብሳል፤ ስንጥቆቹን የሚደፍነው የሬዚን መሸፈኛ ደግሞ እርጥበትን የማይችል ነው። ለእንዲህ ያለው ጥርስ ግላስ አዮኖመር ይመረጣል። ይህ በለንደን አለን ዊልሰንና ብሪያን ኬንት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋወቁት፣ ከመስታወት ዱቄትና ከፖሊአክሪሊክ አሲድ የሚሠራ ቁስ ከጥርሱ ካልሲየም ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፣ ፍሎራይድም ይለቃል፤ ጥንካሬው ከኮምፖዚት ያነሰ ቢሆንም እርጥበትን በተሻለ ይታገሣል። ይታገሣል ሲባል ግን አይጎዳውም ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ከነካው ይሟሟል፣ ከመጠን በላይ ከደረቀም ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ በቫዝሊን ወይም በቫርኒሽ ይሸፈናል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ሆላንዳዊው ዮ ፍሬንከን በታንዛኒያ የጀመረው፣ መሰርሰሪያና መብራት የማይፈልገው የእጅ መሣሪያ ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ቁስ ላይ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1994 ደግፎታል። የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ተፍቆ ይወጣል፣ ጥርሱ በጥጥ ይነጠላል፣ ቁሱም በቫዝሊን በተቀባ ጣት ይጠቀጠቃል። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ላለ ትንሽ ጉድጓድ ውጤቱ የሚያኮራ ነው፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ላለው ግን ያን ያህል አይደለም። በ2010 ውጤቱ የታተመ በኬንያ ገጠር በልጆች የወተት ጥርስ ላይ የተደረገ ጥናት በዚሁ ሕክምና ጥጥንና ራበር ዳምን አወዳድሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በሉሁ የተሠሩት በብዛት ቆይተው አገኛቸው፤ ሆኖም በጠቅላላው ከሙሌቶቹ አብዛኞቹ እስከዚያ አልዘለቁም። ሉሁ መብራት አይፈልግም፣ መምጠጫ በሌለበት ጤና ጣቢያም ይሠራል፤ ቀላል የእጅ ሕክምና በሚሰጥበት ቦታ ሉሁን ቅንጦት አድርጎ መተው ተገቢ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ነዋሪዎች ጉዳዩ ተጨማሪ መልክ አለው። በወንጂና በሌሎች የሸለቆው አካባቢዎች የሚገኙ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ ስለሚይዙ፣ በልጅነታቸው ያንን ውሃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸው ላይ ነጭና ቡናማ ነጠብጣብ፣ ሲበረታም መቦርቦር ይታያል። ፍሎራይድ የበዛበት የኢናሜል ውጫዊ ገጽ አሲድን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ሐኪሙ አሲዱን ከተለመደው ጊዜ ረዘም አድርጎ ማቆየት ወይም ላዩን በስሱ መፋቅ ይኖርበታል። አሲዱ የቆየበት ሰከንድ ሁሉ ጥርሱ ከምራቅ ተጠብቆ ሊቆይ የሚገባው ተጨማሪ ሰከንድ በመሆኑ፣ በአዳማም ሆነ በአዲስ አበባ ለእንዲህ ያለ ታካሚ የፊት ጥርሶቹን በነጭ ሙሌት የሚሠራ ሐኪም ሉሁን ለመተው ያለው ምክንያት ከሌላው ያነሰ ነው።

ለፊት ጥርሶች አንድ የመጨረሻ ጥንቃቄ አለ። ከሉሁ ውጭ በአየር ላይ የቆየ ጥርስ ውሃው ስለሚቀንስ በደቂቃዎች ውስጥ ከተፈጥሮ ቀለሙ ይነጣል፤ የሙሌቱ ቀለም ከዚያ በኋላ ከተመረጠ ጥርሱ ሲረጥብ ሙሌቱ ነጥቶ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ቀለሙ የሚመረጠው ጥርሱ ገና በምራቅ እንደረጠበ፣ ሉሁ ከመልበሱ በፊት ነው። ሥራው አልቆ ሉሁ ሲነሣ በጥርሶቹ መካከል የቀረ የጎማ ቁራጭ እንዳይኖር የወጣው ሉህ ተዘርግቶ ይመረመራል፤ ድድ ውስጥ የቀረ ቁራጭ እብጠት ያስከትላልና። በዚያች ሰዓት መስታወት የተሰጠው ታካሚ ሙሌቱ ከጥርሱ ይልቅ የጠቆረ መስሎ ቢታየው ሐኪሙ ወዲያው አፍርሶ እንዲሠራለት መጠየቅ የለበትም፤ የጥርሱ ቀለም በምራቁ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ሲመለስ የሁለቱ መመሳሰል የሚታየው ያኔ ነው።